ሦስቱ ሲሶዎች

ኅዳር 12 ቀን በስንክሳር የሚነበበውን የዱራታዎስንና የሚስቱን የቴዎብስታን ታሪክ የማያውቅ የቅዱስ ሚካኤል ወዳጅ ጥቂት ነው። ባልና ሚስቱ በየወሩ በ12 የመልአኩን በዓል እያከበሩ፣ ድኻ እየጠሩና እያበሉ ኖሩ። ከጊዜ በኋላ እጃቸው አጠረ። በዓሉ ደረሰ፤ ለዝክሩ የሚሆን ግን በቤት የለም። የክት ልብሳቸውን ሊሸጡ ሲነሡ ቅዱስ ሚካኤል በመኰንን አምሳል ተገለጠና ዱራታዎስን ልብሱን እንዳይሸጥ ከለከለው። ይልቅ ወደ በግ ነጋዴው ሄዶ የሲሶ ዲናር በግ፣ ወደ ዓሣ አጥማጁ ሄዶ የሲሶ ዲናር ዓሣ፣ ከባለ ስንዴውም የሚያስፈልገውን እንዲወስድ አዘዘው። ዓሣውን ግን እርሱ ሳይመለስ እንዳይከፍተው አስጠነቀቀው። ዱራታዎስ ሁሉንም በዱቤ አመጣ። ድኾቹ ተጠሩ። ወይን ሊቀዳ ወደ ጓዳ ቢገባ ባዶ የነበሩት ማድጋዎች ሞልተው አገኛቸው። በዓሉ ሲያበቃ ያ መኰንን ተመልሶ መጥቶ የዓሣውን ሆድ አስከፈተ። 300 የወርቅ ዲናር ወጣ።

ተራኪዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ሰሚውም እልል ይላል። ስንክሳርን የተቀበልነው ከግብጻውያን ነው፤ በእነርሱ ንባብ ግን ታሪኩ አንድ እርምጃ ይቀረዋል። ከወርቁ ጋር እያንዳንዳቸው ሲሶ ዲናር የሆኑ ሦስት ሳንቲሞችም ነበሩ። መልአኩ እነዚህን ለይቶ አንዱ ለበጉ ባለቤት፣ አንዱ ለዓሣ አጥማጁ፣ አንዱ ለባለ ስንዴው እንደሆነ ተናገረ። ወርቁ ለባልና ሚስቱና ለልጆቻቸው መሆኑን የነገራቸው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከወርቁ ይልቅ ሦስቱ ሲሶዎች ይበልጡብኛል። ዕዳው ሲደመር አንድ ዲናር ነው። 300 ዲናር የተቀበለ ሰው አንዱን ቀንሶ መክፈል አያቅተውም፤ መልአኩም ወርቁን ሰጥቶ ዕዳህን ከዚህ ክፈል ብሎት መሄድ ይችል ነበር። የነጋዴዎቹ ገንዘብ ግን ከበረከቱ ጋር አልተቀላቀለም። ለየብቻው፣ በልኩ፣ ለእያንዳንዱ ባለቤት ተቆጥሮ መጣ። ከዚህም የሚጠልቅ ጥያቄ አለ፤ ማድጋውን በወይን የሞላ መልአክ በጉንም ከደጃፉ አስሮ መሄድ አያቅተውም ነበር። ለምን በዱቤ አስወሰደው? ለምን ሦስት ነጋዴዎችን በነገሩ አስገባቸው? መልሱ እንዲህ ይመስለኛል፤ የሰማይ ተአምር እንኳ በምድር ላይ የባለቤትን መብት ረግጦ አያልፍም። በጉ እረኛ አለው፤ ዓሣው ሌሊቱን ውኃ ላይ ያደረ አጥማጅ አለው፤ ስንዴው ያረሰ፣ ያጨደ፣ የወቃ ሰው አለው። ጸጋ የሰውን ድካም አይሰርዝም። ተአምሩ የእነዚህን ሰዎች ሒሳብ ሳይዘጋ አልተፈጸመም።

በየወሩ በ12 የካ ሚካኤል ደጅ የሚቆም ሰው ይህን ታሪክ በዐይኑ ያየዋል። ከመገናኛም ከአራት ኪሎም አቅጣጫ ነጠላውን አጣፍቶ የሚመጣው ምእመን፣ ጧፍና ሻማ የዘረጉት ሴቶች፣ በአጥሩ ሥር በሁለት ረድፍ የተቀመጡት ነዳያን፣ ብር ተቀብለው ሳንቲም የሚዘረዝሩት ልጆች፣ ሁሉም በዚያ ደጅ ይገናኛሉ። አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የአንድ ብር ሳንቲሞችን በመዳፋቸው ይይዙና ከረድፉ ራስ ይጀምራሉ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ። ሳንቲሙ ከረድፉ መጨረሻ በፊት ያልቅና መዳፋቸው ባዶ ይሆናል፤ ያልደረሳቸውን ጎንበስ ብለው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይሏቸዋል። ይህን ምጽዋት የሚያቃልል ሰው ካለ አልስማማም። ብዙ ሰው በዚያ ረድፍ ቀኑን ይውላል፣ ልጁን ያበላል። የዚህ ደጅ ርኅራኄ ከዱራታዎስ ቤት የወረደ ርኅራኄ ነው።

የሚያሳስበኝ እዚያ ደጅ ከመድረሳችን በፊት ያለፍናቸው ሰዎች ናቸው። ከእንጦጦ ተዳፋት ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ሰፈሮቻችን የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ሁላችንም አይተናል። ሸክሙ ከጀርባቸው በአግድም ይታሰራል፤ ከወገብ በላይ ያለው አካላቸው መሬት እያየ ይሄዳል፤ ክብደቱ አንዳንዴ ከገዛ ክብደታቸው ይስተካከላል። ሽቅብ የሚመጣ መኪና ሲያጋጥማቸው ሸክሙ መንገዱን ስለሚሞላው ወደ ጎን ዞረው ያሳልፉታል። ሸክማቸውን ደንጋይ ላይ አሳርፈው ሲቆሙ ገዥ ይመጣል። ንጋት ላይ ኪዳን አድርሶ የተመለሰ ሰው ሊሆን ይችላል። ዋጋ ይጠይቃል፣ ይቀንሳል፣ ትቶ እንደሚሄድ ያስመስላል፣ ይመለሳል። ሴትዮዋ ሸክሙን መልሳ ሽቅብ ልትወስደው አትችልም፤ ገዥውም ይህን ያውቃል። በዚያ ክርክር ያተረፋትን ብር ምናልባት በሚቀጥለው 12 ለነዳያን ይሰጣታል። ያች ብር ግን ከመስጠቱ በፊት የማን ነበረች?

ጥያቄው ለእንጨት ተሸካሚዋ ብቻ አይደለም። ደመወዟ ሁለት ወር የተላለፈባት የቤት ሠራተኛ አለች፤ እመቤቷ ግን የጽዋ ተራዋን አንድ ወር አሳልፋ አታውቅም። በአያትና በአባዶ በኩል በሚሠሩት ሕንፃዎች ሲሚንቶ ሲያቦካ የዋለ የቀን ሠራተኛ ሒሳቡ ለቅዳሜ፣ ከቅዳሜም ለሌላ ቅዳሜ ይተላለፍበታል። ሾላ ገበያ አካባቢ ባለው ባለ ሱቅ የዱቤ ደብተር ውስጥ ስማቸው ሦስት ገጽ የያዘ፣ ስለት ግን በሰዓቱ የሚያገቡ ሰዎች አሉ። ባለ ሱቁ አፍ አውጥቶ አይጠይቃቸውም፤ ጎረቤቶቹ ናቸው፣ አብረው ያስቀድሳሉ። የእርሱ ዝምታ ግን ዕዳውን አይሰርዘውም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ከሚቆጠሩት መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ጦቢት ይህን ነገር በዓሣና በመልአክ ጭምር ይናገራል። ጦቢት ምጽዋት ወዳድ ነው፤ ሬሳ ይቀብራል፣ ድኻ ያበላል። ዐይኑ ከጠፋ በኋላ ሚስቱ ሐና በእጅ ሥራዋ ታኖረው ነበር። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ከደመወዟ በላይ የፍየል ግልገል ጨምረው ሰጧት። ጦቢት የግልገሉን ድምፅ ሲሰማ የተሰረቀ መስሎት ለባለቤቱ ካልተመለሰ ብሎ ሚስቱን አስቀየማት። በዚያ ክርክር ጦቢት ተሳስቶ ነበር፤ ስሕተቱ ግን የሌላ ሰው ንብረት እቤቱ እንዳይገባ የሚፈራ ሰው ስሕተት ነው። ልጁን ጦብያን ሲመክረውም ምጽዋትን ያዘዘበት አንደበቱ የሠራተኛን ደመወዝ እንዳያሳድር አዘዘው። ቅዱስ ሩፋኤል በሰው አምሳል መጥቶ መንገድ ሲመራ ጦቢት በመጀመሪያ የተዋዋለው የቀን ደመወዙን ነበር። መልአኩ የሄደበትም ጉዳይ ራሱ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ በአደራ የተቀመጠ ብር በውል ወረቀት ማስመለስ። ከጉዞው ሲመለሱ አባትና ልጅ የመከሩት ለዚያ ሰው ስለሚገባው ክፍያ ነበር፤ ግማሹን ሀብት ሊሰጡት ሲጠሩት ነው መልአክነቱን የገለጸላቸው።

በወንጌልም ሌላ ዓሣ አለ። የቤተ መቅደስ ግብር ሰብሳቢዎች ጴጥሮስን በጠየቁት ጊዜ ጌታ መንጠቆ እንዲጥልና መጀመሪያ በሚይዘው ዓሣ አፍ ውስጥ የሚያገኘውን ብር እንዲከፍል ላከው። ያ ብር ለሁለት ሰው ግብር ልክ ነበር። ትርፍ አልነበረውም። ሦስቱን ዓሣዎች አንድ ላይ ሳያቸው፣ የጴጥሮስ ዓሣ ግብር ከፈለ፤ ጦብያ በዚያ ጉዞ የያዘው ዓሣ ሐሞት የሽማግሌ አባቱን ዐይን አበራ፤ የዱራታዎስ ዓሣ ለልጆች ወርቅ ከማትረፉ በፊት የሦስት ነጋዴዎችን ሒሳብ ዘጋ። ከሦስቱ ባለ ወርቁን ብቻ ለይቶ መስበክ ታሪኩን ማጉደል ነው።

በዘመናችን ደግሞ ይህ ጉድለት ትምህርት ሆኗል። በአዳራሽም በዐውደ ምሕረትም፣ በቴሌቪዥንም በስልክም፣ ስጡ፣ እጥፍ ሆኖ ይመለስላችኋል የሚል ጥሪ ይሰማል። አንዱ ቤተ እምነት በሌላው ላይ ጣት የሚቀስርበት ነገር አይደለም፤ በሁለቱም በኩል አለ። የሰጪው ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ የገንዘቡ ልክ ይነገራል፣ ጭብጨባ ወይም እልልታ ይከተላል። ከዚያ የሰጠው ሰው ቤቱ ገብቶ ይጠብቃል። የጠበቀው ካልመጣ እምነቱ ይናጋል፤ ከመጣም ክርስትናውን እንደ ቁጠባ ደብተር ማየት ይለምዳል። ሁለቱም ጉዳት ነው።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተገቢ መልስ አለ። መጽሐፈ ምሳሌ ራሱ ለድኻ የሚሰጥ ለእግዚአብሔር እንደሚያበድር ይናገራል። ታዲያ ያበደረ መመለሱን ቢጠብቅ ምን ጥፋት አለው? ጥፋቱ የቃሉ አይደለም፤ የሚጠብቀው ሰው ነው። ዱራታዎስ ለዓመታት አበድሮ ነበር። ሲደኸይ ግን ብድሩን አልጠየቀም፤ ልብሱን ሊሸጥ ወጣ። ቴዎብስታም የተሰጠው ሁሉ የት ደረሰ አላለችም። እጃቸው ሲያጥር ያሰቡት የሚቀበሉትን ሳይሆን የሚሰጡትን ነበር። ለእግዚአብሔር ማበደር ማለት ቀኑንም ልኩንም ለተበዳሪው መተው ነው። ቀን ቆርጦ፣ እጥፉን አስልቶ የሚሰጥ ሰው ግን ብድር አልሰጠም፤ አራጣ ጠይቋል።

አራጣን ካነሣሁ ስለ ሠለስቱ ምዕት ልናገር። በስማቸው ቅዳሴ የምንቀድስባቸው 318 አባቶች በኒቅያ በ325 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲሰበሰቡ አርዮስን ብቻ አውግዘው አልተበተኑም። ከቀኖናዎቻቸው 17ኛው ስለ ገንዘብ ነው። በወር ከመቶ አንድ ወለድ የሚቀበል፣ ወይም ለአበደረው እኩሌታ ጨምሮ የሚያስከፍል ካህን ከሥልጣኑ ይሻር ብለዋል። በወር ከመቶ አንድ በዓመት 12 በመቶ ነው። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ተበዳሪና አበዳሪ በውል ሊስማሙበት የሚችሉትን ወለድ ጣሪያ ያቆመው እዚያው ላይ፣ 12 በመቶ ላይ ነው። አባቶች ለካህን የመሻር ምክንያት ያደረጉት ልክ ለእኛ የሕጋዊነት ድንበር ሆነ። ሕጉን አልነቅፍም፤ ከድንበሩ ለሚያልፈው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ቅጣት አለው። ነገር ግን በችግር ጊዜ የጎረቤቱን የቤት ካርታ መያዣ አድርጎ ከዚያም በላይ የሚያስከፍል ሰው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለታቦቱ መጎናጸፊያ ሲያበረክት በምስጋና እንቀበለዋለን። ልንጠይቀው ይገባን ነበር።

ይህን የጠየቁ አባቶች አገራችን ነበሯት። በ14ኛው መቶ ዘመን፣ በዓፄ ዓምደ ጽዮን ዘመነ መንግሥት፣ አባ በጸሎተ ሚካኤል የሚባሉ መነኵሴ በጳጳሱ በአቡነ ዮሐንስ ላይ ተነሡ። ክሳቸው ጳጳሱ ክህነትን በገንዘብ ይሰጣሉ የሚል ነበር። በሐዋርያት ሥራ ሲሞን መሠሪ የመንፈስ ቅዱስን ሥጦታ በብር ሊገዛ ሲመጣ ጴጥሮስ የመለሰለትን መልስ በጸሎተ ሚካኤል ለገዛ ጳጳሳቸው ደገሙት። መንበሩን ሳይፈሩ፣ ንጉሡንም ሳይፈሩ። ዋጋውም ስደት ሆነ። እኚህን መነኵሴ ከሌሎች አበው ይልቅ አብዝተን ልናስታውሳቸው የሚገባን ለዚህ ይመስለኛል፤ ስለ ገንዘብ የተናገሩት ለድኻው አልነበረም፣ ተቀባዮቹ ለሆኑት ለላይኞቹ ነበር። የዛሬ ስብከት ሰጪን ይመክራል። በጸሎተ ሚካኤል ተቀባይን ገሠጹ።

የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ዛሬ ከማን እንደሚመጣ ማሰብም ያስፈልጋል። በአሮጌው ሥርዓት አገሩ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ ነው ይባል ነበር። ካህኑ ከመሬት ይኖር ነበር፤ መሬቱን የሚያርሰው ገባር ግን ብዙ ጊዜ ስሙ አይነሣም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያን ሁሉ ዘጋው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ ሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበርና አጥቢያዎች ከምእመናን በሚገኝ ገንዘብ መተዳደር ያዙ። ስለዚህ ዛሬ በሙዳየ ምጽዋት የሚወድቀው እያንዳንዱ ብር ከገባር የተወሰደ ግብር አይደለም፤ አንድ ሰው ከኪሱ አውጥቶ በፈቃዱ የሰጠው ነው። ይህ ታላቅ ንጽሕና ነው፤ ታላቅ ኃላፊነትም ነው። የእንጨት ተሸካሚዋም ሳንቲም በዚያ ሣጥን ውስጥ አለች። ያን ሣጥን የሚከፍት፣ የሚቆጥር፣ የሚያወጣ ሁሉ የሦስቱ ሲሶዎች ዐይነት ጥንቃቄ ይፈለግበታል፤ የማን እንደሆነ ለይቶ፣ በልኩ፣ ለባለቤቱ።

ከየካ ኮረብታ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን የጎበኘ ሰው በድምፅ ማጉያ ከሚጠራው የሰጪ ስም የተለየ ነገር ያያል። ቤተ ክርስቲያኑ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ትውፊት ከአብርሃና አጽብሐ ዘመን ያደርሰዋል፣ ሊቃውንት ወደ ኋለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ግድግዳው ላይ የመሮ ምት ይነበባል፤ የለጋሽ ስም ግን የለም። መሮውን የያዙት እጆች የማን እንደነበሩ የጻፈ የለም። ያ ሥራ በስንት ወጪ እንዳለቀም ማንም አልተናገረም።

ስለ መስጠት ሲነገር የአባ እንጦንስ ምሳሌ ሁልጊዜ ይጠቀሳል። በቅዱስ አትናቴዎስ በተጻፈው ገድላቸው እንደሚገኘው፣ ወጣቱ እንጦንስ በቤተ ክርስቲያን የወንጌሉን ቃል ሰምቶ ከወላጆቹ የወረሰውን 300 አሩራ ለም መሬት ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፣ ዕቃውንም ሸጦ ለድኾች አከፋፈለ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዝርዝር ግን ታናሽ እኅት የነበረችው መሆኑ ነው። መጀመሪያ ለእርሷ ገንዘብ አስቀርቶ ነበር። በኋላ እርሱንም ሲሰጥ እኅቱን ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጥቶ እንጂ በትኖ አልሄደም። ጌታ ፈሪሳውያንን ከገሠጸባቸው ነገሮች አንዱ ለአባትና ለእናት የሚገባውን ገንዘብ ለመቅደስ መባ ነው ብለው መከልከላቸው ነበር። እናቱ በገጠር መድኃኒት መግዣ አጥተው እርሱ እዚህ ለሕንፃ ማሠሪያ በሺህ የሚቆጠር ብር የሚያስመዘግብ ልጅ ይህን ቦታ አውጥቶ ያንብብ።

ይህ ሁሉ ሰውን ከመስጠት የሚያስቀር ሊመስል ይችላል፤ ዕዳ ያለበት ድኻ ታዲያ ምጽዋት አይስጥ? ይስጥ እንጂ። የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ጌታ አልመለሰባትም። ዱራታዎስም በዱቤ በግ እያረደ ነው ያበላው። የሚለየው ልብ ነው፤ ዱራታዎስ ዕዳውን አልረሳም፣ መልአኩም አልረሳለትም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች ሰጠ። እዚያ ቢያቆም ኖሮ ለጋስ ባለጠጋ በተባለ ነበር። እርሱ ግን የበደላቸውን ሰዎች አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ጨመረ። ምጽዋቱ ላላወቃቸው ድኾች ነበር፤ አራት እጥፉ ግን ስማቸውን ለሚያውቃቸው ሰዎች ነው። ከሁለቱ ሁለተኛው ይከብዳል። ስሙን ለምናውቀው ሰው ገንዘብ ስንመልስ ፊቱን ማየት አለብን፤ ለምን እንደዘገየንም መናገር አለብን።

የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ መስቀል ከቀረጹ 1600 ዓመት አልፏል። ከእነርሱ አንዱ አርማሕ በሳንቲሙ ላይ በግእዝ ለሕዝቡ ደስታ እንዲሆን የሚመኝ ጽሑፍ አስቀርጿል። ገንዘብ በክርስቲያን እጅ ውስጥ ሊያደርግ የሚችለውን የሚናገር ይህን የሚያህል አጭር ቃል አላገኘሁም። ለአንዲት እንጨት ተሸካሚ፣ ለአንድ ባለ ሱቅ፣ ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ያ ደስታ የሚደርሰው ግን የሚገባቸው ሲከፈላቸው ነው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ወሩ 12 ሳይገባ በቤትህ ያለውን ሒሳብ ተመልከት። ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ ዛሬ ክፈል። የዱቤ ደብተሩን አስወጣና ስምህን አዘጋው፤ ሁሉንም ባትችል የቻልከውን ክፈልና ለቀረው ቀን ቁረጥ። ከሠፈርህ የእንጨት ሸክም ስትገዛ የተጠየቅኸውን ስጥ። ከዚያ ጧፍህን ይዘህ ወደ የካ ሚካኤል ውጣ።